የደንበኛ አፍ፦ ስለሚገዛው ዕቃና ስለማይገዛው መጽሐፍ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በኩል የሚያልፍ ሐበሻ፣ ጆሮውን ካልደፈነ በቀር፣ የዕቃ ወሬ ሳይሰማ አያልፍም። በጣልያን የቤት ሠራተኞች የጋራ የሥራ ውል ከእሑድ ሌላ የግማሽ ቀን ዕረፍት ይሰጣል፤ ያ ግማሽ ቀን በቆየ ልማድ ሐሙስ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ወደ ሮማ ቀድመው የመጡት እናቶች በሳምንት ሁለቴ፣ ሐሙስና እሑድ፣ እዚሁ አካባቢ ሲገናኙ ኖረዋል። ዛሬም ልጆቻቸውና ከእነሱ በኋላ የመጡት በዙሪያው ባሉት ምግብ ቤቶች ቡና ከበው ይቀመጣሉ። ወሬው ከአገር ቤት ይጀምራል፣ በሟችና በታማሚ በኩል ያልፋል፣ ብዙም ሳይቆይ ዕቃ ላይ ያርፋል።

«እትዬ፣ ያ የገዙት ቴሌቪዥን እንዴት ሆነ?»

«ጥሩ ነው፣ ተመስገን።»

«ሥዕሉ ይቆራረጣል ሲሉ አልነበር?»

«ቢቆራረጥስ ምን ላድርግ ብለሽ ነው ልጄ! ሁሉም እንደዚያው ነው አሉ።»

ነገሩ ያለው «አሉ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ማን አለ? ገዝቶ፣ ሰክቶ፣ ዓመት ተጠቅሞ ነው ያለው ወይስ እሱም ከሌላ ሰምቶ? የሮማ ሐበሻ ለአንድ ስልክ የወር ደመወዙን ሲያወጣ የምትመራው ይህችው ባለቤት የሌላት «አሉ» ናት። ከተገዛ በኋላ ደግሞ የገዢው አስተያየት በሁለት ቃል ያልቃል፤ «ጥሩ ነው»። በመካከል ያለው እውነት፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ዕቃው በስንተኛው ወር እንደተበላሸ፣ ሻጩ ሲመለሱበት ምን እንዳለ፣ ለቅርብ ዘመድ ብቻ፣ ያውም በሹክሹክታ ይነገራል።

የሚያስገርመው ግን ይህ ሕዝብ የደንበኛ አስተያየት መስጠት የማይችል አለመሆኑ ነው። ሲያሻው ከማንም ይበልጣል። ለዚህ ምስክሩ ምጣድ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ጉዳይ በጣልያን አገር ቀላል አይደለም። አብዛኛው መኖሪያ ቤት ከመብራት አቅራቢው ጋር የሚዋዋለው ለ3 ኪሎዋት ነው። ቆጣሪው በላዩ አሥር በመቶ ያህል ይታገሣል፤ ማለት እስከ 3.3 ኪሎዋት። ከዚያ እጅግ ከበለጠበት ወይም በልጦ ከቆየ ቤቱ ድርግም ይላል። ከአዲስ አበባ በሻንጣ ታቅፎ የሚመጣው ምጣድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይጎትታል። እንግዲህ ምጣዱ ተሰክቶ፣ የልብስ ማጠቢያው እየዞረ፣ የውሃ ማሞቂያው እየሠራ እንጀራ ማውጣት የማይታሰብ ነው። ሊጡ ምጣዱ ላይ ከተዘረጋ በኋላ መብራት የጠፋባት ሴት ምን እንደምትል እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ከአሜሪካ ዘመድ በስጦታ የሚልከው ምጣድ ሌላ ጣጣ አለበት። እሱ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የሮማ ግድግዳ የሚሰጠው ግን 230 ነው። ያለ ትራንስፎርመር የሰካ ሰው የሚሰካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ይህን የሚናገር የጣልያን መደብር የለም። በኢንተርኔት የተደረደረው አምስት ኮከብም አይናገረውም፤ ኮከቡን የሰጠችው ሴት በዳላስ ወይም በዋሽንግተን ትኖራለችና የእሷ ግድግዳ ሌላ ነው። የሚናገሩት የተርሚኒ እናቶች ናቸው። «ከመጋገርሽ በፊት ማጠቢያውን አጥፊ፣ ፎርኖውን አጥፊ፤ ይህ ካስቸገረሽ ውሉን ወደ 4.5 ኪሎዋት አሳድጊ፤ በቢል ላይ የሚጨምርብሽን ግን መጀመሪያ ጠይቂ» ይላሉ። ከምጣዱ ሥር የተለጠፈውን ዋት አንብበው ነው የሚናገሩት። የትኛው ጠርዙን እንደማያበስል፣ የትኛው መሃሉን እንደሚያሳርር፣ የትኛው ክዳኑ እንደሚያንጠባጥብ በስም ያውቁታል። እዚህ ላይ «አሉ» የሚባል ነገር የለም። «ሦስት ዓመት ጋግሬበታለሁ» ነው።

ታዲያ ስለ ምጣድ እንዲህ አፍ ያለው ሰው ስለ ስልክና ስለ ቴሌቪዥን ለምን ዲዳ ይሆናል? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ምጣድን ያውቀዋል፣ ስልክን ግን የሌላ ሰው ዕውቀት አድርጎ ይቆጥረዋል። የልጅ ልጁን ጠርቶ «እስቲ እይልኝ» ይላል እንጂ ራሱን እንደ መስካሪ አያይም። ሁለተኛው ምክንያት ይሉኝታ ነው፤ የከፋውም እሱ ነው። 900 ዩሮ አውጥቶ የማይረባ ዕቃ የገዛ ሰው «ተሞኘሁ» ከማለት ዕቃውን ማመስገን ይቀለዋል። አመስግኖ ሲያበቃ እሱን የሰሙ ሦስት ሰዎች ያንኑ ዕቃ ይገዛሉ። እነሱም በተራቸው ያመሰግናሉ። እንዲህ እያለ አንድ መጥፎ ዕቃ በተርሚኒ ዙሪያ ባለ ስም ይሆናል።

የእትዬ ቴሌቪዥን ነገር ይኸውና። ጨርሶ የጠፋው በተገዛ በ14ኛው ወር ነው። ስኮንትሪኖውን ይዘው ሱቁ ሄዱ። ሻጩ «ጋራንቲው የአንድ ዓመት ነበር፣ አልፏል፤ ለፋብሪካው ይደውሉ» አላቸው። እሳቸውም «እሺ» ብለው ተመለሱ። በሮማ ከኖሩት ዘመን ብዛት የተነሣ ጣልያንኛው እንደ ውሃ የሚፈስላቸው ሴት ናቸው፤ የአሠሪያቸውን ሐኪም እንኳ ሲያሳስት ያርሙታል። ለራሳቸው ዕቃ ሲሆን ግን «እሺ»።

የሕጉ ቃል ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ያስጀመረውና በጣልያን በ2005 በወጣው የሸማቾች ሕግ ቁጥር 206 ውስጥ የተቀመጠው ደንብ ለማንኛውም ሸማች የ2 ዓመት ሕጋዊ ዋስትና ይሰጣል። ተጠያቂው የሸጠው ሱቅ ነው፤ ፋብሪካው አይደለም። ፋብሪካው በራሱ ፈቃድ የሚሰጠው የአንድ ዓመት ጋራንቲ በዚህ ላይ የሚጨመር እንጂ ይህን የሚተካ አይደለም። ሱቁ ያለ ክፍያ መጠገን ወይም መለወጥ አለበት፤ ይህ ካልሆነለት ከዋጋው ይቀንሳል ወይም ገንዘቡን ይመልሳል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ወዲህ ለተገዛ ዕቃ፣ ጉድለቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከታየ ዕቃው ሲሸጥም እንደነበረበት ይቆጠራል፤ አልነበረም የሚል ሻጭ ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ግን የማስረዳቱ ሸክም ወደ ገዢው ይዞራል። ከነጋዴ የተገዛ ያገለገለ ዕቃ እንኳ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። የእትዬ ቴሌቪዥን በ14ኛው ወር ቢጠፋም «አልፏል» የሚባል አልነበረም፤ ገና 10 ወር ይቀር ነበር። ሥዕሉ መቆራረጥ የጀመረው ደግሞ በስድስተኛው ወር ነው። ያን ጊዜ ለሱቁ በጽሑፍ ቢነገር ኖሮ ጭንቀቱ የሻጩ ይሆን ነበር። በስድስተኛው ወር የተነገረው ግን ለጎረቤት ነው። ጎረቤትም «ሁሉም እንደዚያው ነው» አለች።

(ስለ ስኮንትሪኖም አንድ ነገር። ያ ስስ ወረቀት በሙቀት የሚጻፍ ስለሆነ መሳቢያ ውስጥ ሁለት በጋ ሲያሳልፍ ነጭ ይሆናል። በተገዛበት ቀን ፎቶ ኮፒ ማድረግ ወይም በስልክ ማንሳት ነው። በካርድ የተከፈለ ከሆነ የባንኩ ዝርዝርም ለመገዛቱ ማስረጃ ይሆናል።)

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም በዚህ ጉዳይ አልታሙም አይባልም። የጣልያን የውድድርና የገበያ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በ2011 መጨረሻ የአፕልን ኩባንያዎች በጠቅላላው 900,000 ዩሮ ቀጥቷቸዋል። ምክንያቱ የ2 ዓመቱን ሕጋዊ ዋስትና ለገዢው በሚገባ ሳይገልጹ ተጨማሪ ጋራንቲ በገንዘብ መሸጣቸው ነበር። በ2018 ደግሞ አፕል 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግ 5 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጡ፤ ደንበኛው አዲስ ፕሮግራም ስልኩ ላይ እንዲጭን ገፋፍተው የቆየውን ስልክ አንቀራፍፈዋል ተብለው። ብዙ ሰው ያን ጊዜ «ስልኬ አረጀ» ብሎ አዲስ ገዝቷል። አቤት ያሉም ነበሩ። ከአቤት ባዮቹ መካከል ከተርሚኒ ቡና ቤት የወጣ ሐበሻ ይኖርበት ይሆን? ያጠራጥራል።

በተርሚኒ ዙሪያ ስኮንትሪኖ የሌለው ሌላ ገበያም አለ። ከጃኬት ኪስ ወጥቶ «ወንድሜ፣ አይፎን ነው፣ 150 ዩሮ ብቻ» የሚባልበት። ስለዚህ ገበያ የሚሰማው የደንበኛ አስተያየት ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ «በሲሶ ዋጋ አገኘሁት» የሚል። ሳጥኑ ተከፍቶ ሳሙና የተገኘበት ሰው አይናገርምና። ሳሙና ያገኘው ግን ከዕድለኞቹ ሊቆጠር ይችላል። እውነተኛ ስልክ ያገኘው ነው የበለጠ የሚያሰጋው። የጣልያን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 ከዕቃው ዓይነት፣ ከሻጩ ሁኔታ ወይም ከዋጋው የተነሣ የሚያጠራጥር ዕቃ ምንጩን ሳያጣራ የገዛን ሰው እስከ 6 ወር እስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ለጥቅሙ የገዛ ከሆነ አንቀጽ 648 ከ2 እስከ 8 ዓመት ያደርሰዋል። የውሸት ማርካ የተለጠፈበት ዕቃ የሚገዛም እስከ 7,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። ለአገሬው ሰው ይህ መጥፎ ቀን ነው። ፔርሜሶ ዲ ሶጆርኖውን ለማደስ ለሚሰለፍ፣ ዜግነት ለመጠየቅ ዓመት ለሚቆጥር፣ መዝገቡ ለሚታይ ስደተኛ ግን ከ150 ዩሮ ጋር የማይመዛዘን ዕዳ ነው። ስልክ በእጅ ከመያዙ በፊት ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ቢጻፍ 15 አኃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል። በሳጥኑና በደረሰኙ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር ነው። ሻጩ «ሳጥን የለውም፣ ደረሰኝ የለውም፣ ፖሊስ መጣ ቶሎ በል» ካለ አስተያየቱን ሰጥቷል ማለት ነው።

የኢንተርኔቱ ኮከብስ? ወጣቶቹ በተርሚኒ «አሉ» ይስቃሉ፤ እነሱ የሚያምኑት ኮከብ ነው። «4 ሺህ ሰው ወዶታል» ይላሉ። ለመሆኑ ያ 4 ሺህ ሰው ማነው? በገንዘብ የተጻፈ ምስጋና በመብዛቱ የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ጣልያንም በ2023 በአዋጅ ባስገባችው ደንብ፣ የደንበኞች አስተያየት የሚያሳይ ነጋዴ ሰዎቹ በእርግጥ የገዙ መሆናቸውን ያጣራ እንደሆነና እንዴት እንዳጣራ እንዲገልጽ ተገዷል፤ የሐሰት አስተያየት ማስጻፍም ተከልክሏል። ሕግ ያስፈለገው ችግሩ ስላለ ነው። ከአምስቱ ኮከብ ይልቅ ሦስቱን ማንበብ ይሻላል። አምስት የሚሰጥ ዕቃው ገና ሲደርሰው ነው፤ አንድ የሚሰጥ ተናዶ ነው፤ ሦስት የሰጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተጠቅሞበታል።

አስተያየቱ ጨርሶ የማይጠየቅ አንድ ደንበኛ ደግሞ አለ። እሱም አገር ቤት ያለው ተቀባይ ነው። የሮማው ልጅ ለእናቱ የሚልከው ስልክ ስስ፣ ሰፊ፣ መስታወት የመሰለ ነው። እናት በስልክ ይመርቃሉ፤ ስልኩን ግን በነጠላ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ወይም የጎረቤት ልጅ ይዞት ይዞራል። ልጅ በዓመቱ ሄዶ ሲያይ እናት የሚያወሩት በድሮዋ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ለምን ቢባል ባትሪዋ ቀናት ይቆያል፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪ ሆና ታበራለች፣ ሬዲዮ አላት፣ ብትወድቅም አትሰበርም። እሳቸው የዕቃ ባለሙያ ናቸው፤ የጠየቃቸው ጠፋ እንጂ። በድሮ ጊዜ ከፖርታ ፖርቴዜ የእሑድ ገበያ ተገዝቶ ይላክ የነበረው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከዚህ ይሻል ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም። በ1965 የጀመረውን የጀርመን ድምፅ፣ በ1982 የጀመረውን የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ለማዳመጥ አባቶች የሚፈልጉት ያን ነበርና፣ ዕቃው ተጠይቆ ነበር የሚላከው። «ሦስት ባንድ ያለው ይሁን፣ ድንጋዩ ወፍራሙ ይሁን» ተብሎ በደብዳቤ።

አሁን ከዕቃው ወደ መጽሐፉ።

ሮማ ለኢትዮጵያ መጽሐፍ እንግዳ አገር አይደለችም። በግዕዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 እዚሁ ሮማ ነው የታተመው፤ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በቫቲካን ሥር በነበረው የሐበሾች የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ካገኛቸው የኢትዮጵያ መነኮሳት ተምሮ። እዚያው ገዳም የኖሩት አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በ1548 እና በ1549 አሳተሙ። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ም በ1908 ከሮማ ማተሚያ ቤት ነው የወጣው። ከተርሚኒ በእግር ጥቂት ደቂቃ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ላይ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የተዘጋውን የአፍሪካና የምሥራቅ ተቋም መጻሕፍት ተረክቦ ይዟል። በዚያ በር በኩል በየቀኑ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሐበሻ ብዙ ነው።

የተርሚኒ ፊት ለፊት አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶ የተባሉት በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣልያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያ ሐውልታቸው ካለበት ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ፒያሳ ዴላ ሬፑብሊካ በሚወስደው መንገድ፣ ለብዙ ዘመን አሮጌ መጽሐፍ ሲሸጥ ኖሯል። ሐበሻው በስሙ የተነሣ አደባባይ ላይ ቆሞ፣ መጽሐፍ በጀርባው አድርጎ፣ የስልክ ሽፋን ዋጋ ይከራከራል።

በምግብ ቤቱም የመጽሐፍ ወሬ ሲነሣ እንዲህ ነው፦

«ያን አዲሱን መጽሐፍ አነበብከው?»

«ፒዲኤፉ ስልኬ ላይ አለ።»

«እሱማ እኔም ጋ አለ። አነበብከው ወይ?»

«ገና ነኝ። ግን አልወደድኩትም።»

ይህ ሰው የሚናገርበት ስልክ 1,000 ዩሮ የወጣበት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ 22 በመቶ ቀረጥ ሳያጉረመርም ከፍሏል። በጣልያን በመጽሐፍ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ 4 በመቶ ብቻ ነው፤ መንግሥት እንኳ መጽሐፍን ከስልክ ለይቶ አዝኖለታል። ደራሲው አዲስ አበባ ተቀምጦ ዓመታት የለፋበት ሥራ በዚያ ስልክ ላይ ያለ አንድ ሳንቲም ገብቷል። ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲሻገር ደግሞ «ተካፈሉት» ይባላል፤ እንደ ዳቦ። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል። የመጽሐፍ ኮፒ ለሺህ ሰው መበተን መካፈል እንዳልሆነ አዋጅ ሳያስፈልግም ይታወቃል።

አንዳንዱ የድሮውን ይጠቅሳል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ሲነሣ ሰው ፎቶ ኮፒ እያደረገ፣ እየደበቀ አላነበበውም ወይ ይላል። አዎን፣ አንብቧል። በዓሉ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም፤ መጽሐፉን ያቆየው የአንባቢ እጅ ነው። ያ ግን የተከለከለ መጽሐፍ ነበር፤ ገንዘብ ይዞ ቢሄዱም የሚሸጥ አልነበረም፤ ያቀባበለውም ሰው ራሱን ለአደጋ አጋልጦ ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በግልጽ የሚሸጠውን መጽሐፍ ሮማ ተቀምጦ በነፃ መበተንን ከዚያ ጋር ማነጻጸር የሞተውን ሰው መድፈር ነው። ያው «ኦሮማይ» በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንና ኒው ዮርክ ወጥቷል፤ እዚያ አንባቢው የሚያገኘው ዋጋ ከፍሎ ነው።

የፒዲኤፍ ወዳጆች ክርክር ግን ጨርሶ ከንቱ አይደለም። በሮማ የአማርኛ መጽሐፍ የሚሸጥ ሱቅ ማግኘት ጭንቅ ነው። መጽሐፍ የሚመጣው በመንገደኛ ሻንጣ ነው፤ ሻንጣው ውስጥ ደግሞ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ቀድመው ቦታ ይይዛሉ፤ ሚዛኑ ከሞላ ቀድሞ የሚወጣው መጽሐፍ ነው። ዓይናቸው የደከመ አባቶችም በስልክ ፊደሉን አሳድገው ያነባሉ፤ በወረቀት አይችሉም። አሳታሚዎች ለዚህ አንባቢ በሕጋዊ መንገድ፣ በትንሽ ዋጋ፣ ስልክ ላይ የሚነበብ መጽሐፍ በበቂ አለማዘጋጀታቸው የራሳቸው ጥፋት ነው። ሌላም አለ። ገዝቶ ያነበበ ሰው የሚያውቀው፣ ሙጫው ለቆ ገጹ እንደሚበተን፣ ፊደሉ እንደ ጉንዳን እንደሚደርቅ፣ የፊደል ግድፈቱ በየገጹ እንደሚያደናቅፍ ነው። አንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ምዕራፍ ተደግሞ ይገኛል። ይህን ለአሳታሚው የጻፈ ደንበኛ ስንት ነው? ቴሌቪዥኑ ላይ «እሺ» ያለው ሰው መጽሐፉም ላይ «እሺ» ብሏል።

ስለ ይዘቱ የሚሰጠው አስተያየትማ የባሰ ነው። ደራሲው ለጉብኝት ሮማ ሲመጣና አዳራሽ ተከራይቶ መጽሐፍ ሲያስመርቅ ሁሉም ያጨበጭባል፤ «ድንቅ ሥራ ነው» ይላል፤ ፎቶ ይነሣል። ውጭ ሲወጣ «ይኼም መጽሐፍ ሆኖ» ይላል። ደራሲው በጭብጨባው ተታልሎ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አሳንሶ ይጽፋል። ስለ ምጣድ «መሃሉን ያሳርራል» ማለት የሚችል አፍ፣ ስለ ልብ ወለድ «መሃሉ ላይ ይንዛዛል፣ መጨረሻው ተቻኩሏል» ማለት ለምን ያቅተዋል? ምጣድ ሠሪው አይቀየምም ወይስ ደራሲው ብቻ ነው የሚቀየመው? «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ እየታተመ ያለው የምረቃ ጭብጨባ ስላልተለየው አይደለም። አንባቢ ገዝቶት፣ አልቅሶበት፣ ተከራክሮበት፣ ለልጁ ስላወረሰው ነው።

ይህ ጋዜጣ የሚቀመጥባቸው ምግብ ቤቶች ባንኮኒ ላይ አንዳንዴ የልጆች ደብተር አይጠፋም፤ የዱቤ ሒሳብ የሚጻፍበት። አንድ ሌላ ደብተር ቢጨመርበት የሚያስወጣው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ከፊት በኩል ዕቃ፦ ስሙ፣ ዋቱ፣ የተገዛበት ቀን፣ በስንት ወሩ ምን እንደሆነ፣ ሲመለሱበት ምን እንደተባለ። ከኋላ በኩል መጽሐፍ፦ ተገዝቶ ነው ወይስ በፒዲኤፍ፣ እስከ ስንተኛው ገጽ ተነበበ፣ የት ላይ አሰለቸ፣ የት ላይ እንቅልፍ ነሣ። ስም መጻፍ ያሳፈረው ስሙን ይተወው። የመጀመሪያውን መስመር እትዬ ቢጽፉት ይበቃል፦ «ቴሌቪዥን። በ6 ወሩ ሥዕሉ መቆራረጥ ጀመረ። ዝም አልኩ። በ14 ወሩ ጠፋ። የ2 ዓመት ዋስትና እንዳለው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስኮንትሪኖው አለኝ።»